ልጆቻችን ጌሙ ውስጥ ምን ይቀይራሉ?

በደባርቅም በዳባትም ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት አመሸ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጥቂት እናስረዳችሁ። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6» የተባለ የኳስ ጌም ውስጥ ሊቨርፑል በስሙ አልነበረም፤ ፈቃድ ስላልነበረው «መርሲሳይድ ሬድ» ተባለ። ጌም ወዳዶቹ ታዲያ ስሙንና ማሊያውን ራሳቸው አስተካክለው በሜሞሪ ካርድ ያስቀምጡት ነበር። ኮምፒውተር የሚችሉት አርማና ድምፅ እስከ መጨመር ሄደዋል። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እኛ እንደ ዋዛ አናየውም።

የሚያሳስበን «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚባለው ልማድ ነው። ተወራርደው ከገቡ ወደ ቁማር ይወስዳቸዋል፤ ሒሳቡን እኩል ቢካፈሉ ይሻላል። መግሪብ አዛን ሲባል ደግሞ ጌሙን ባለበት የሚያቆም ቁልፍ አለ። «ጨዋታው ይበላሽብኛል» ቢላችሁ አትቀበሉት።