«ያረፈ» ወይስ «የሰነበተ»? የተኪላን ስያሜዎች ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

የመጠጥ ቤት ቃላት የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ትኩረት እምብዛም አይስቡም። ይሁንና ለሆቴል አስተናጋጆች የተዘጋጀ አንድ የትርጕም ረቂቅ ስናርም «ያረፈ ተኪላ» የሚል ሐረግ ገጥሞን ብዙ አከራክሮናል። ተርጓሚው የቃሉን ፍች አልሳተም፤ «ሬፖሳዶ» የተባለው የስፓኝ ቃል በቀጥታ ሲፈታ «ያረፈ» ማለት ነው። ነገር ግን በአማርኛ «አረፈ» ሲባል የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚመጣለት «ነፍስ ይማር» የሚለው መልስ ነው። በሚቀጥለው መስመር ደግሞ «አኜኾ» የተባለው ዐይነት «ያረጀ ተኪላ» ተብሏል። ያረጀ ጫማ፣ ያረጀ በሬ እንላለን፤ ሁለቱም ዋጋቸው የወረደ ነው። መጠጡ ግን ዋጋው የሚወጣው በመቆየቱ ነው። አስተናጋጁ በዚህ ረቂቅ ቢመራ ለእንግዳው ሙትና ጃጅቶ የተጣለ ነገር ሊያቀርብ ነው።

ስሙን ከማውጣታችን በፊት ነገሩን እንመልከት። ተኪላ የሜክሲኮ አረቄ ሲሆን መጠሪያውን የወሰደው በኻሊስኮ ግዛት ከምትገኘው ተኪላ ከተማ ነው። የሚሠራው ሰማያዊ አጋቬ ከተባለው ተክል ነው። ተክሉ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ቅጠሉ ሲመለመል የሚቀረው እንብርት አናናስ ስለሚመስል አገሬው «ፒኛ» ይለዋል። ይህ ተቀቅሎ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ከተብላላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። በእኛ አገር ሁለተኛ የወጣው አረቄ «ዳግም» ስለሚባል፣ ለዚህ ክፍል ተርጓሚው አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም።

በረቂቁ ውስጥ አጋቬ አንድ ቦታ «ቁልቋል»፣ ሌላ ቦታ «እሬት» ተብሏል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። አጋቬ ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ ወገን ነው፤ በአገራችን የሚታወቀው የቅርብ ዘመዱ የቃጫ ተክል ነው፤ እርሱም ራሱ ከሜክሲኮ የመጣ የአጋቬ ዐይነት ነው። ስለዚህ «አጋቬ» ብሎ መጻፍና በመጀመሪያው ቦታ ላይ «የቃጫ ወገን የሆነ ተክል» የሚል ማብራሪያ ማከል ይበቃል።

የዐይነቶቹ ስሞች የሕግ ስሞች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ተኪላ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሜክሲኮ የመነሻ ቦታ ስያሜ ጥበቃ አለው። በአገሪቱ ደረጃ መሠረት «ብላንኮ» የሚባለው ጨርሶ ወይም እምብዛም ያልተቀመጠው ነው። «ሬፖሳዶ» በኦክ እንጨት ዕቃ ውስጥ ከሁለት ወር ያላነሰ፣ «አኜኾ» ከ600 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ከአንድ ዓመት ያላነሰ የቆየ ነው። «ኤክስትራ አኜኾ» በዚያው መጠን በርሜል ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ ይህ ደረጃ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። «ወርቃማ» የሚባለው በዚህ ተራ ውስጥ አይገባም፤ ቀለሙን ከተጨመረ የተቃጠለ ስኳር ሊያገኝ ስለሚችል ቢጫነቱ ለዕድሜው ምስክር አይሆንም።

እንግዲህ አማርኛ ለዚህ የጊዜ ደረጃ ምን አለው? መልሱ የሚገኘው በየቀኑ በምንለዋወጠው ሰላምታ ውስጥ ነው። እንዴት ዋላችሁ፣ እንዴት አደራችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ እንዴት ባጃችሁ እንላለን። «ሰነበተ» ከሰንበት፣ «ከረመ» ከክረምት፣ «ባጀ» ከበጋ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሌላው ቋንቋ አንድ «ቆየ» በሚልበት ቦታ እኛ የቆይታውን ርዝመት በግሡ ውስጥ አስገብተን እንናገራለን። ከዚህ ተነሥተን ሬፖሳዶን «የሰነበተ»፣ አኜኾን «የከረመ»፣ ኤክስትራ አኜኾን «የከረመና የባጀ» ብንል ሁለት ወር፣ ዓመትና ብዙ ዓመት ተለይተው ይሰማሉ። ደስ የሚለው የስፓኙ «አኜኾ» ራሱ «የአንድ ዓመት» የሚል ፍች ካለው የላቲን ቃል የወረደ መሆኑ ነው፤ በ«ከረመ» ውስጥ ክረምት እንዳለ ሁሉ በእርሱም ውስጥ ዓመት አለ። ብላንኮን «ነጭ» ማለት አያሳስትም፤ ቀለም የሌለውን ፈሳሽ ነጭ ማለት ከ«ነጭ ጋዝ» ጀምሮ የለመድነው ነው።

«የሰነበተ» ስለ ወጥ ሲነገር መበላሸትን እንደሚያመለክት አልዘነጋንም። ሆኖም የሚነጠር መጠጥ እንደ ወጥ አይሻግትም፤ ዐረፍተ ነገሩም «በበርሜል የሰነበተ» ተብሎ ከተሟላ ጥርጣሬው ይወገዳል። በጠርሙስ መለያና በዋጋ ዝርዝር ላይ ግን ሕጋዊው ስም በውሰት መጻፍ አለበት፤ የአማርኛው ቃል ማብራሪያ እንጂ ምትክ አይደለም። ገዢው የሚከፍለው ለሕጉ ደረጃ ነውና። በአጻጻፍ ረገድ ፊደላችን የታደለ ነው። ኘ እና ኸ ስላሉን በእንግሊዝኛ በኩል የመጣውን «አኔጆ» መከተል ምክንያት የለውም፤ «አኜኾ» ተብሎ ይጻፍ።

ስለ አጠጣጡ ስንመጣ የረቂቁ ስሕተት ይበልጥ ይጎላል። የከረመ ተኪላ የሚጠጣው ጨው ተልሶ ሎሚ ተመጥጦ በአንድ ትንፋሽ አይደለም። በርሜሉ የሰጠው የቫኒላና የቅመም ጠረን፣ ከሥሩም የበሰለው አጋቬ ጣፋጭነት የሚገኘው በዝግታ ሲቀመስ ነው። ረቂቁ ግን ይህንን «ይጨልጡታል» ብሎ ተርጕሞታል። መጨለጥ ብርጭቆን ባዶ ማድረግ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው «ፉት ማለት» ነው። የመጠጫው ዕቃ ስምም በእጃችን አለ፤ ሜክሲኮዎች «ካባዪቶ» የሚሉትን ጠባብ ብርጭቆ የአረቄ ጠጪ ሁሉ «መለኪያ» ብሎ ያውቀዋል። ለከረመው ግን ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል፤ ጠረኑን ይሰበስባል።

ምንም ሳይጨመርበት መጠጣትን ሜክሲኮዎች «ደሬቾ»፣ ማለትም ቀጥ ያለ ይሉታል። «ንጹሕ» ብንለው ሌላው ቆሻሻ ሊመስል ነው፤ «ደረቅ» ብንለው ስኳር ከሌለው ወይን ጋር ይደባለቃል። «ሳይበረዝ» ግን በትክክል ይገጥማል፤ መበረዝ ማርን በውሃ ከማቅጠን የመጣ ነውና፣ ቀልጦ ውሃ የሚሆነውን በረዶም ያስቀራል። «ሳይበረዝ ሳይከለስ» የሚለው ጥንድ አነጋገር ሁለተኛ ክፍሉም ሥራ አለው። ስኳሩ በሙሉ ከአጋቬ የተገኘ ተኪላ አለ፤ ሕጉ ቢያንስ 51 በመቶው ብቻ ከአጋቬ እንዲሆን የሚፈቅድለት ሌላ ዐይነትም አለ። ብርዙ በብርጭቆ፣ ክለሳው በፋብሪካ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ክልስ» የሰው ትውልድ መጠሪያ ስለሆነ ሁለተኛውን ዐይነት «ቅይጥ ተኪላ» እንለዋለን።

ይህ ውሳኔ ሌላ ጉዳይ ያስከትላል። «ቅይጥ» ለዚህ ከዋለ ኮክቴልን «ቅይጥ መጠጥ» ማለት አይቻልም። «ስፕሪስ» የሚል ሐሳብ የሰነዘረ ባልደረባ ነበረን፤ ነገር ግን የጭማቂ ስፕሪስ ተደራርቦ የሚታይ እንጂ የሚዋሐድ አይደለም። ስለዚህ «ኮክቴል» ይቆይ። በአሠራሩ መመሪያ ላይ ግን ሁለት ግሦች በጥብቅ መለየት አለባቸው፤ አንዱ ማማሰል፣ ሌላው መናጥ ነው። ከከረመ ተኪላ የሚዘጋጀው ኦልድ ፋሽንድ ይማሰላል፦ 60 ሚሊ ሊትር ተኪላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የአጋቬ ሽሮፕ፣ ሁለት ጠብታ ያህል መራራ ቢተርስና በረዶ፤ በመጨረሻም የብርቱካን ልጣጭ ዘይቱ እንዲረጭበት ጨመቅ ይደረጋል። ሎሚ የሚገባበት ማርጋሪታ ግን ይናጣል። ለእርሱ የሰነበተው ይበቃል፤ የከረመና የባጀውን በሎሚ መሸፈን፣ እንደ እኛ ግምት፣ በርሜሉን ማባከን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፊል ዋርድ በኒው ዮርክ ያዘጋጀው «ዋኻካ ኦልድ ፋሽንድ» ሬፖሳዶን ከመስካል ጋር ያገናኛል። ረቂቁ የመስካሉን የጢስ ጠረን «የታጠነ» ብሎታል። የጠላ ጋን በወይራ ስለሚታጠን ቃሉ ቅርብ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚታጠነው ዕቃው ነው። በመስካል ጢሱ የሚገባው አጋቬው በጕድጓድ ውስጥ ሲጠበስ ስለሆነ «ጢስ ጢስ የሚል» ብለን አርመነዋል። «ጠብታ» ያልነው የቢተርስ መጠን ግን ገና አላረካንም፤ ከጠርሙሱ በአንድ ንቅናቄ የሚወጣው ከአንድ ጠብታ ይበልጣልና፣ የተሻለ ቃል ያላቸው አንባቢያን ቢያካፍሉን እንቀበላለን።