መቆላለፍ

«ቆለፈ» ከሚለው ግሥ «ተቆለፈ» እና «ተቆላለፈ» የሚሉት ይገኛሉ። በሁለተኛው ላይ መካከለኛው ተነባቢ «ል» ይደገማል፤ መደገሙም ድርጊቱ የአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ መሆኑን ያመለክታል። ተማሪዎች፣ ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው የኮምፒዩተር ችግር ከዚሁ ከመደጋገሙ ጋር የተያያዘ ነውና።

ደብረ ማርቆስን የሚከባት የጎዛምን ወረዳ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሙከራ ከተጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ማሳቸው የተበታተነባቸው ገበሬዎች ለእርሻ እንዲመቻቸው በስምምነት ሊለዋወጡ ይችላሉ። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል፣ የሁለት ቀበሌዎች መዝገቦች በኮምፒዩተር ፋይል ተጽፈው፣ 12ኛው ፋይል በደብረ ማርቆስ፣ 47ኛው ደግሞ በባሕር ዳር በሚገኝ ኮምፒዩተር ተቀምጠዋል እንበል።

አንድ ጸሐፊ ፋይል ሲያርም ሌላው በዚያው ሰዓት እንዳይጽፍበት ይቆልፈዋል። ቁልፍ ባይኖር የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ይሽረዋል፤ የአንድ ገበሬ ማሳም ከመዝገብ ይጠፋል። ልውውጥ የሚመዘግብ ጸሐፊ ግን ሁለቱንም ፋይሎች በአንድነት መያዝ ይኖርበታል። አንደኛው ጸሐፊ 12ን ቆልፎ 47ን ጠየቀ፤ በዚያው ቅጽበት ሁለተኛው 47ን ቆልፎ 12ን ጠየቀ። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም፤ ሁለቱም የሚሹትን አያገኙም። ማንም አላጠፋም፤ ግን ገበሬዎቹ ከደጅ እንደ ቆሙ ይመሻል።

ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ የተባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ፣ መቆላለፍ የሚደርሰው አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ መሆኑን ገልጸዋል። ይኸውም ዕቃው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ያዡ አንዱን እንደ ያዘ ሌላውን ሲጠብቅ፣ የያዘውን በግድ የሚያስለቅቀው ሲታጣና ተጠባባቂዎቹ እንደ ቀለበት ዞረው ሲገናኙ ነው። ከአራቱ አንዱን ማፍረስ ይበቃል።

ሁለቱ ፋይሎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆኑ ኖሮ ኮምፒዩተሩ ቀለበቱን አይቶ አንዱን ጥያቄ ሊከለክል በቻለ ነበር። አሁን ግን የደብረ ማርቆሱ የሚያየው አንድ ያዥና አንድ ተጠባባቂ ብቻ ነው፤ የባሕር ዳሩም እንዲሁ። ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚታይ ተራ ነገር ስለ ሆነ አያስደነግጥም። የቀለበቱን ግማሽ ብቻ የሚያይ ሰው ቀለበት መሆኑን ከምን ያውቃል?

ሃቨንደር የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ዘዴ ለዚህ ይረዳል። ጸሐፊዎች ሁሉ ቁጥሩ ከሚያንሰው ፋይል ጀምረው እንዲቆልፉ ይታዘዛሉ። ያን ጊዜ ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠይቁት 12ን ነው። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ባዶ እጁን ይጠብቃል። ባዶ እጁን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ማንንም አያግድም። ፋይሎቹ ሦስት ወይም አራት ቢሆኑም፣ ከተያዙት ሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር የያዘው ሰው የሚሻው ከዚያ የሚበልጥ ብቻ ስለ ሆነ የሚያግደው የለም፤ ሥራውን ጨርሶ ይለቃል።

ሌላው መንገድ የጊዜ ገደብ ነው፤ የጠበቀ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ የያዘውን ለቆ እንደገና ይጀምራል። ይህ ብቻውን አይበቃም። በጠባብ የግንድ ድልድይ ላይ የተገናኙ ሁለት ጭነት አህዮች እኩል ወደ ኋላ ተመልሰው እኩል ቢገቡ እንደገና ይፋጠጣሉ። ስለዚህ የየአንዳንዱ መጠበቂያ ጊዜ የተለያየ እንዲሆን ይደረጋል።

የከፋው ግን ቁልፉን የያዘው ጸሐፊ መስመሩ ሲቋረጥበት ነው። ለዚህ ቁልፉ በውሰት ይሰጣል፤ ጊዜው ካልታደሰ በራሱ ይወድቃል። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ መስመሩ የተቋረጠበት ጸሐፊ ሲመለስ ቁልፉ አሁንም በእጁ ያለ መስሎት ሊጽፍ ይችላል። ስለ ሆነም ከየቁልፉ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ፋይሉን የሚጠብቀው ኮምፒዩተርም ቀድሞ ካየው ያነሰ ቁጥር ይዞ የመጣውን ጽሑፍ አይቀበልም።

የቅደም ተከተሉ ዘዴም ጣጣ አያጣም። ጸሐፊው 12ንና 47ን ይዞ ሳለ ጉዳዩ 30ኛውን ፋይል ጭምር የሚነካ ሆኖ ቢያገኘው፣ 30 ከ47 ያነሰ ነውና ቀጥሎ ሊቆልፈው አይፈቀድለትም። 47ን ይለቅና 30ን ቆልፎ 47ን እንደገና ይጠይቃል፤ በመካከሉ ሌላ ሰው ለውጦት እንደ ሆነም ያነበበውን ሁሉ ዳግመኛ ማንበብ ይኖርበታል።