የባለጡረታዎቹ ረቡዕ፤ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ

ሰው በሥራ ዘመኑ የሚኖርበትን ከተማ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ቤቱ በሚያደርሰው መንገድ ነው። የቀረውን «አንድ እሑድ አየዋለሁ» እያለ ያሳልፈዋል። እሑድም የለቅሶ፣ የሠርግና የማኅበር ቀን ስለሆነ፣ ቀጠሮው ሳይፈጸም ዕድሜ ያልፋል።

በመርካቶ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሒሳብ ሲይዙ የኖሩ አንድ አዛውንትና መምህርት የነበሩት ባለቤታቸው ግን ይህን ቀጠሮ ዘግይተውም ቢሆን አክብረውታል። ሁለቱም 60 ዓመት ሞልቷቸው ከሥራ የተሰናበቱ ናቸው። አዛውንቱ አበል ለማግኘት የቻሉት፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችንም የጡረታ ባለመብት ስላደረጋቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደጃፋቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ከማንበብ በቀር ሌላ ተግባር አልነበራቸውም፤ እግራቸው ከበደ፤ ጠባያቸውም ተለወጠ። ይህን የተመለከቱት ወይዘሮ እንደ መምህርነታቸው የጊዜ ሠሌዳ አወጡ፤ በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ ቦታ ይታይ ዘንድ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ለገሃር ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ከአያት ተሳፍረው ስታዲየም አጠገብ ወረዱና በእግራቸው ደረሱ። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ቡናና ቆዳ የወጣበት፣ የአቡጀዲው እስር የገባበት በር ይህ ነው። አዛውንቱ በወጣትነታቸው የዕቃ ማስረከቢያ ወረቀት ይዘው ከዚሁ ጣቢያ ይመላለሱ ስለ ነበር፣ ለባለቤታቸው የሚያስረዱት ብዙ ነገር አገኙ። በፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ ጣሊያኖች ወደ ሮማ ወስደውት ኋላ የተመለሰውን፣ እየተዘዋወሩ ተመለከቱ።

በተከታዮቹ ሳምንታት ወደ አምስት ኪሎ ሄደው በብሔራዊ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ድንቅነሽን አዩ። በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ሲወጡ ወይዘሮዋ ከሀገር ልብስ ነጋዴዎች አንድ ነጠላ ገዙ። ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሆነው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን የእንጦጦ ማርያምን ደብር ተሳለሙ። ወሩ ሲያልቅም በሚኒባስ ወደ ቢሾፍቱ ወርደው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከሆራ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልተው በዚያው ቀን ተመለሱ።

ሒሳብ ያዥ ልማዱን አይተውምና አዛውንቱ የየረቡዑን ወጪ በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩ አራት ዓምድ አለው፤ መጓጓዣ፣ መግቢያ፣ ምግብና መጠጥ፤ አራተኛው «መቀመጫ» የሚል ነው። በዚህ ዓምድ ቦታው ደገፍ የሚሉበት ወንበር፣ ንጹሕ መጸዳጃና ለደረጃው መያዣ እንዳለው ይመዘገባል። ነጋዴ ይህን ደብተር ቢያነበው ከብዙ ምክር ይልቅ በጠቀመው ነበር።

ለምሳሌ ያህል፣ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ባልና ሚስቱ ከአንድ ኬክ ቤት ገብተው ሻይ አዘዙ። ከጠረጴዛዎቹ የሚበዙት ባዶ ነበሩ። ሻዩን እንደ ጨረሱ አስተናጋጁ ብርጭቆውን አነሣና «ሌላ የምታዙት ከሌለ ቦታው ይፈለጋል» አላቸው። አዛውንቱ ቃል ሳይመልሱ ከፍለው ወጡ፤ ወይዘሮዋ ግን እስከ ታክሲው ድረስ እንባቸውን ያዝ አድርገው ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት የገቡበት ሌላ ቤት ባለቤት ግን ከጓዳ ድጋፍ ያለው ወንበር አውጥቶ፣ «እማማ፣ እዚህ ይመችዎታል» ብሎ አስቀመጣቸው። ሁለቱም ነገር በአራተኛው ዓምድ ተጻፈ።

በሐምሌ የልጅ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ዐሥራ ስድስት ሰው የሚገኝበትን ግብዣ ልጆቻቸው በመጀመሪያው ቤት ሊያደርጉት አስበው ነበር። አዛውንቱ ደብተሩን ከፍተው አሳዩአቸው፤ ግብዣውም ወደ ሁለተኛው ቤት ሄደ። አንዱ ቤት ከሁለት ብርጭቆ ሻይ የሚገኘውን ሲያስብ፣ ከአንድ ቤተ ዘመድ የሚገኘውን አጣ።

የቤት ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ በቅዳሜም በረቡዕም አንድ እንደ ሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ረቡዕ ጠዋት ባዶውን የሚውለውን ወንበር የሚሞላው፣ ጊዜ ያለው ሰው ነው። ባለጡረታ ገንዘቡ ልክ ስላለው አጥብቆ ይቈጥራል፤ ደስ የተሰኘበትን ቤት ግን አይረሳም፤ ለልጆቹም ያወርሳል። ይህን ደንበኛ ለመያዝ የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ ነው፤ ምቹ ወንበር፣ በጕልህ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር፣ ንጹሕ መጸዳጃና መልካም ቃል።

ባልና ሚስቱ ለመጪው ረቡዕ የወሰኑት የመናገሻ ሱባን ደን ነው። የጉዞው ቀን በደብተሩ ተጽፏል፤ አራተኛው ዓምድ ግን ገና ባዶ ነው።