የጥቂቶች ቋንቋ በብዙኃን መካከል
(ስለ ራዲዮ ጣቢያዎችና ስለ አድማጮቻቸው)

አንድ የራዲዮ ጣቢያ የአካባቢው ሕዝብ በብዛት በማይናገረው ቋንቋ የሚናገረው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በያቤሎ ለምንማር ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በክፍል ውስጥ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እንከታተላለን፤ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጣን ጓደኛሞች በአማርኛ እንግባባለን፤ ከግቢው ስንወጣ ግን የገበያው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት አድማጩ ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። በሜክሲኮ የምትገኘው የቲኋና ከተማ ሕዝብ ተናጋሪነቱ እስፓኝኛ ነው። ሆኖም እዚያ የተተከሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ለብዙ ዘመን በእንግሊዝኛ ሲያሰሙ ኖረዋል፤ የፈለጉት በድንበሩ ማዶ ያለችውን የሳን ዲዬጎን አድማጭና የማስታወቂያ ገንዘቧን ነውና። በአገራችንም በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ራዲዮ ብሥራተ ወንጌል፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች፣ ከአማርኛ ሌላ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛ፣ በስዋሂሊና በሌሎችም ቋንቋዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሰማ ነበር። ጣቢያው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተወረሰ።

ሁለተኛው ምክንያት አድማጩ ቅርብ ቢሆንም ቍጥሩ ጥቂት፣ አቅሙ ግን ብዙ መሆኑ ነው። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አስተማሪውና ወታደሩ በየቆላው ከተማ በአማርኛ ይነጋገራሉ። ከ1966ቱ አብዮት በፊት የአገር ውስጥ ራዲዮ በአብዛኛው አማርኛ ስለ ነበረ፣ ዜናው ከተማውን እንጂ ከብት ጠባቂውን እምብዛም አያገኘውም ነበር።

ይሁን እንጂ ሞገድ ኬላ አያውቅም። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን በላይኛው አየር ውስጥ ባለ ንብርብር ስለሚመጠጥ ሩቅ አይሄድም፤ ሌሊት ግን ያ ንብርብር ሲሳሳ፣ ሞገዱ ከበላዩ ካለው ንብርብር ነጥሮ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይሰማል። አጭር ሞገድ ከዚያም ይርቃል። ኤፍ ኤም የሚባለው ግን ጥርት ያለ ቢሆንም ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ ሱማልያ ነፃ ከወጣች በኋላ የሞቃዲሾ ራዲዮ በኦሮምኛ ሲናገር፣ የኬንያም መንግሥት ራዲዮ በቦረና አነጋገር ዝግጅት ሲያሰማ፣ የእኛ አገር አድማጭ ጆሮውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ አዞረ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናግረውን ለማግኘት ሰው ድንበር ተሻግሮ ማዳመጡ የሚያስገርም አይደለም። የአሜሪካ ድምፅ በ1988 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ቢቢሲ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የኦሮምኛ አገልግሎት የጀመሩት ይህን አድማጭ ዐውቀው ነው።

ነገሩ የቋንቋ ክብር ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው በቦረና ሲከሽፉ፣ ከብቱ በየሜዳው አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝናብ የሚጠበቅበትን ወቅት፣ የክትባቱን ቦታ፣ የገበያውን ዋጋ ቀድሞ መስማት የመንጋ ሕይወት ነው። ወሬው በማይገባው ቋንቋ ከመጣ፣ ከብት ጠባቂው ተማሪ ልጁን ወይም ከከተማ የተመለሰ መንገደኛን መጠበቅ አለበት። አስተርጓሚው እስኪመጣ ቀኑ ያልፋል፤ ከቃሉም ግማሹ በመንገድ ይቀራል።

በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የሚናገሩ ጣቢያዎች ይዘጉ አንልም፤ ከሌላው ወገናችንና ከዓለም ጋር የሚያገናኙን ናቸውና። የምንለው ይህ ነው፦ ጣቢያ ሲቋቋም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «በስንት ኪሎዋት?» ብቻ ሳይሆን «ለማን?» የሚል ነው። እኛም ነገ በጤና፣ በግብርና ወይም በእንስሳት ሕክምና ተመርቀን ለሕዝብ የምንናገር ነን። በእንግሊዝኛ የተማርነውን በኦሮምኛ ማስረዳት ካልቻልን፣ እኛም አድማጭ እንዳጣ ጣቢያ እንሆናለን። ቋንቋውን የማናውቅ ከሚያውቁት ጓደኞቻችን ዛሬውኑ መማር እንጀምር።