የጦር ሜዳ መነጽር በጣና ዳር

የጦር ሜዳ መነጽር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያቀርባል?» ብሎ ነው። ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ ኪስ ውስጥ በምትገባ መነጽር ላይ ሳይቀር መቶ እጥፍ ታቀርባለች የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ አካባቢ ለሚኖር፣ ጣናና ዓባይ ለሚጎራበቱት ሰው ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ክረምቱን ይችላል ወይ?

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት በቆዳ ማኅደሩ ታሽጎ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ መነጽር ጥቅምት ላይ ሲወጣ፣ ብርጭቆው ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቶበት ሊገኝ ይችላል። ሻጋታ ነው። አቧራና ቅባት እየተመገበ ያድጋል፤ የሚያመነጨው አሲድም ብርጭቆው የተቀባውን ስስ ሽፋን፣ ሲቆይ ደግሞ ብርጭቆውን ራሱን ይበላል። ቶሎ ከተደረሰበት ባለሙያ ፈቶ ያጸዳዋል። ብርጭቆው ከተበላ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ጥሩ መነጽር የሚሠሩ ፋብሪካዎች መጋጠሚያውን ሁሉ በጎማ ቀለበት ይዘጉና ውስጡን እርጥበት በሌለው ናይትሮጅን ይሞሉታል። እንዲህ የተሠራው ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ውስጡን ጉም አይሸፍነውም፤ ዝናብ ቢመታውም፣ ለአፍታ ውሃ ውስጥ ቢገባም ተርፎ ይወጣል። ያልታሸገ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ ክረምቱን በቆዳ ማኅደር ከመዝጋት ይልቅ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስቦ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አብሮ ቢያኖረው ይሻለዋል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። መነጽሩ ላይ 8×42 ተብሎ ከተጻፈ፣ 8 ማለት 800 ሜትር ርቃ የቆመች ወፍ 100 ሜትር ላይ ያለች ያህል ትታያለች ማለት ነው። 42 ደግሞ የፊተኛው ብርጭቆ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ስፋቱ ይህን ያህል ነው። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ትጠብባለች፤ ሲጨልም በወጣት ዓይን እስከ 7 ትሰፋለች። በኪስ የምትያዘው 8×21 ቀትር ላይ የማታሳፍረው ለዚህ ነው። ሲነጋጋና ሲመሻሽ፣ ወፉም ጉማሬውም በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ግን ታጨልማለች። ብዙ ማቅረብም ዕዳ አለው፦ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይገዝፋል። በጣና ላይ ወደ ዘጌ በሚሄድ የሞተር ጀልባ ሆኖ በ12 እጥፍ የሚመለከት ሰው ከዝላይ በቀር የሚያየው የለም። መርከበኞች 7×50 የሚመርጡት በከንቱ አይደለም። ለጣና 8 ይበቃል ባይ ነኝ።

በአጉሊ ብርጭቆ ሩቅ ማየት አሮጌ ጥበብ ነው፤ ያስቸገረው ምስሉ ተገልብጦ መታየቱ ነበር። ጣሊያናዊው ኢኛዚዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ምስሉን የሚያቃና የፕሪዝም ጥንድ በስሙ አስመዘገበ። ዬና የሚገኘው የዛይስ ፋብሪካ ደግሞ በዚሁ አሠራር ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1894 የዛሬውን ዓይነት መነጽር ገበያ አወጣ። ትከሻው ሰፋ ብሎ የሚታየው ፖሮ ነው። ቱቦው ቀጥ ያለው በኋላ የተስፋፋ ሲሆን ለማሸግ ይመቻል፤ ፕሪዝሙ ግን እጅግ ረቂቅ ልክ ስለሚፈልግ ርካሹ ቀጥ ያለ ከርካሹ ፖሮ የደበዘዘ ምስል ይሰጣል። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ፖሮ መግዛት ይሻላል።

ከፖሮ ወገን ለአገራችን ቅርብ የሆነው የሶቪየቱ 8×30 ነው። የደርግ ሠራዊት በአብዛኛው የታጠቀው የሶቪየት ዕቃ ነበር። ለወታደር የተሠራው 8×30 ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ ስለሚስተካከሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ጥቂት ነው፤ የሚበላሸውም በዚያው ልክ ያንሳል። ምስሉ ወደ ቢጫ ያደላል እንጂ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረው ዛሬም ያሳያል። በአንደኛው ዓይን ውስጥ የተሰመሩት ጭረቶች ርቀት መለኪያ ናቸው። አንዱ ትልቅ ክፍል የርቀቱን አንድ መቶኛ ይሸፍናል፤ አምስት ሜትር የሚረዝም ታንኳ በጎኑ ሲታይ አንዱን ክፍል ከሞላው 500 ሜትር ገደማ ርቋል ማለት ነው።

ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር ዘመድ ቢሆንም ሥራው ሌላ ነው። በአንድ ዓይን ይታይበታል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ እንዳይሰብር ዓይን ስምንት፣ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቀዋል። ጥንካሬው የሚለካውም ከብዙ ተኩስ በኋላ የተስተካከለበትን ነጥብ ባለመልቀቁ ነው። በሕግ በተፈቀደ የአደን ክልል፣ ለምሳሌ በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን የሚፈልግ አዳኝ እንኳ ቀኑን የሚውለው በጦር ሜዳ መነጽሩ ነው፤ ቀንዱንና ዕድሜውን መለየት ያለበት ጠመንጃ ከማንሳቱ በፊት ነውና። ማነጣጠሪያን ለመመልከቻ ማዋል ደግሞ ነውርም አደጋም ነው። ያየኸው ሁሉ ላይ አፈሙዝ ትደግናለህ።

ጣና ለመነጽር የተፈጠረ ቦታ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ከታንኳ ሆነው ሊቀርቡት የማይገባ እንስሳ ነውና በሩቅ ማየት የሕይወት ጉዳይ ነው። ደንገሉ ጫፍ ላይ ዓሣ በሉ ንስር ይቀመጣል፤ ፔሊካን በመንጋ ይዋኛል። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ሐይቁ ዙሪያ ባሉ ረግረጎችና ማሳዎች በጋውን ያሳልፋሉ። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ ያለ መነጽር የሚሠራ ሥራ የለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሲመዘግብ አንዱ ምክንያት ይኸው የወፍና የረግረግ ሀብት ነበር። ከተማዋ በሐይቁ ደቡብ ዳር መሆኗም ጠቅሟታል፦ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካለው ጊዜ በቀር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በጀርባችን ስትሆን ሐይቁ ከፊታችን ነው። መነጽር ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን ያጠፋልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሲገዙ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት መነጽሩን ከፊትዎ ክንድ ያህል አርቀው ወደ ብርሃን ይያዙት። በዓይን ማስገቢያው ላይ የሚታየው የብርሃን ክብ ዳር ዳሩ ከተቆረጠ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። የፊተኛው ብርጭቆ ላይ የመብራት ነጸብራቅ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ሽፋን አለው፤ ነጭ ከሆነ የለውም። ደማቅ ቀይ መስተዋት የመሰለው ግን «በጨለማ ያሳያል» እየተባለ የሚሸጥ ማታለያ ነው። አሮጌ ከሆነ በባትሪ ውስጡን ይፈትሹ። ከዚያ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ላይ አተኩረው ትንሽ ይቆዩ፤ ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ራስ ምታት ከጀመረ ወድቆ ፕሪዝሙ ተናግቷል። አይግዙት። የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ከሆኑም ዓይን 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ የሚታይበትን ይምረጡ።

አንድ ነገር ይቀራል። የጦር ሜዳ መነጽር በስሙም በታሪኩም የወታደር ዕቃ ነው፤ ባለንበት ጊዜ ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላ ወይም ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲያዞረው የታየ ሰው ወፍ እያየሁ ነው ቢል የሚያምነው አያገኝም። ከውጭ ሲገባም ጉምሩክ ላይ ፈቃድ ሊጠየቅበትና ሊያዝ ይችላል። ዘመድ እንዲያመጣልዎ ከማዘዝዎ በፊት ጉምሩክን ጠይቀው ይወቁ።