ዑድ ለመግዛት ላሰባችሁ እህቶች፦ በትንሹ ጀምሩ፣ በጭሱ ለዩ

ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት የምንሠራ ሁሉ የዑድን ሽታ እናውቀዋለን። ከሰሉን የምናያይዘው እኛ፣ መብኸራውን የምናጸዳው እኛ፣ እንግዳ ሲመጣ መጅሊሱን የምናጥነው እኛ ነን። ግን ለራሳችን፣ ለእናታችን ስጦታ ወይም ለእህት ሠርግ ብለን ልንገዛ ስንወጣ ብዙዎቻችን ከየት እንደምንጀምር ግራ ይገባናል። ሻጩ "ካምቦዲ ነው" ይላል፣ "ሂንዲ ነው" ይላል፣ "ዛሬ ላንቺ ብቻ ቀንሼ" ይላል። በቃ፣ ስንት ወር የተለፋበት ብር በአንዲት ትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዑድ በስሙም በመልኩም አይገዛም። ትንሽ ተገዝቶ፣ ፍም ላይ ተደርጎ፣ በጭሱ ነው የሚለየው።

ዑድ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የኛን ዕጣን አስቡ። የመተማና የሁመራ ዕጣን የሚገኘው የዛፉ ቅርፊት ሲበጣ ነው፤ ሙጫው ወጥቶ ይደርቅና ይለቀማል። ዑድ ላይ ግን የሚጤሰው እንጨቱ ራሱ ነው። ዛፉ አኩዊላሪያ ይባላል። በህንድ አሳም፣ በበርማ፣ በታይላንድ፣ በካምቦዲያ፣ በቬትናም፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ይበቅላል።

ጤነኛ ሲሆን እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ይሄ ነው የሚባል ሽታ የሌለው ነው። ዛፉ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ግን ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው እንጨቱ ውስጥ ዓመታት እየቆየ ይሰርጋል። ያ ሙጫ የጠጣው እንጨት ነው ዑድ የሚባለው።

የተወደደበትም ምክንያት ይሄ ነው። ጫካ ውስጥ ካለው ዛፍ ሁሉም ዑድ የለውም። ሰው ፍለጋ ብሎ ብዙ ዛፍ ስለቆረጠም ዛፉ ተመናምኗል። የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1995 አንዱን ዝርያ፣ በ2004 ደግሞ የአኩዊላሪያን ዝርያዎች በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ አስገብቷል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከእርሻ የሚመጣ ዑድም አለ፤ ዛፉ ይተከላል፣ በሰው እጅ ይቆስላል፣ ሻጋታ ይገባበታል። የእርሻ ዑድ ማለት የውሸት ዑድ ማለት አይደለም። ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ጥሩ ነው። ችግሩ የእርሻውን በጫካው ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሲመጣ ነው።

ሱቅ ውስጥ የምትሰሟቸው ስሞች

ጠቢዒ፦ ምንም ያልተጨመረበት እንጨት ነው።

ሙሐሰን፦ "የተሻሻለ" ማለት ነው። ሙጫው ትንሽ የሆነ እንጨት በዘይትና በሽቶ ተነክሮ ይዘጋጃል። ሻጩ ሙሐሰን መሆኑን ከነገራችሁና ዋጋው በዚያው ልክ ከሆነ ነውር የለውም። ሙሐሰኑን ጠቢዒ ብሎ መሸጥ ነው ማጭበርበር።

መዕሙል፦ የዑድ ዱቄት ከስኳር ወይም ከማርና ከሽቶ ጋር ተለውሶ የሚሠራ ነው።

በኹር፦ ማንኛውም የሚጤስ ነገር ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚሸጠው ሽቶ የገባበት ቅልቅል ነው።

ድህን አል-ዑድ፦ ከእንጨቱ የሚወጣው ዘይት ነው፤ የሚቀባ።

ከዚያ የሀገር ስም አለ። የሂንዲ ዘይት መጀመሪያ ላይ ከበድ ያለ፣ የከብት በረት ሊያስታውስ የሚችል ሽታ አለው፤ ቆይቶ ነው የሚያምረው። ካምቦዲ ጣፈጥ ያለ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው ይባላል። ግን እንጨቱ ላይ የሀገር ስም አልተጻፈበትም፤ ስም ሰምታችሁ ብቻ ብር አታውጡ።

የት ነው የሚገዛው?

ባጥሓ ለገበያ የምትወርዱ ልጆች ዲራ ሰፈር ቅርባችሁ ነው። እዚያ ከመስመክ ምሽግ አጠገብ ሱቅ አል-ዘል የሚባል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ገበያ አለ። ምንጣፍ፣ ቢሽትና ዑድ የሚሸጥበት ነው። በሜትሮ ከሆነ ቀስር አል-ሑክም ጣቢያ ነው የምትወርዱት። እዚህ ዋጋ በክርክር ነው። ጥሩ ጎኑ ብዙ ሱቅ ጎን ለጎን ስላለ ዞራችሁ ማሽተት ትችላላችሁ።

ሌላው መንገድ በየሞሉ ያሉት ትልልቅ ሱቆች ናቸው። ለምሳሌ ዐረቢያን ዑድ የሚባለው እዚሁ ሪያድ የተጀመረ ነው። እንዲህ ያሉት ጋ ዋጋው ተለጥፏል፣ ደረሰኝም ሳትጠይቁ ይሰጣል። አረብኛችሁ ገና ላልጠነከረ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄ ይቀላል።

ሒሳቡን በግራም አስቡት

ሻጮች በቶላና በወቂያ ነው የሚያወሩት። ቶላ ወደ 12 ግራም ገደማ ነው፤ ሩብ ቶላ 3 ግራም አካባቢ ማለት ነው። ወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 30 ግራም ነው። ስለዚህ "ወቂያው ስንት ግራም ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሚዛኑን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉ።

ለምሳሌ ያህል፦ አንዱ 3 ግራም በ60 ሪያል ቢላችሁ ግራሙ 20 ሪያል ነው። ሌላው 28 ግራም በ420 ሪያል ቢል ግራሙ 15 ነው። ሁለተኛው ይረክሳል፤ ግን ሳትሞክሩት 420 ሪያል ማውጣት ቁማር ነው። መጀመሪያ 3 ግራም ግዙ፣ ቤት ሞክሩ፣ ከወደዳችሁት ተመለሱ። ዋጋውን ስትስማሙም 15 በመቶው ታክስ ገብቶበት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንዴት ይፈተናል?

አንደኛ፣ ሳይጤስ አሽትቱት። ጠቢዒ እንጨት ሳይነካው ሽታው ለስለስ ያለ ነው። ከረጢቱን ስትከፍቱ ሽቶ ሽቶ ብሎ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ተጨምሮበታል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በነጭ ሶፍት አሹት። ሶፍቱን ትንሽ አርጥቡት። ጥቁር ቀለም ከለቀቀ እንጨቱ ተቀብቷል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱ አያታልላችሁ። ሙጫው የበዛ ዑድ ይከብዳል፤ ምርጡ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን ይሄን የሚያውቅ አጭበርባሪ እንጨቱ ውስጥ እርሳስ ወይም ሌላ ብረት ይሸጉጣል። ስለዚህ ሰጠመ ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ትልቅ ግንድ ከመግዛት ትንንሽ ስንጥር መግዛት ለጀማሪ ይሻላል፤ ስንጥር ውስጥ ብረት መደበቅ ይከብዳል።

አራተኛውና ዋናው ፍም ነው። ሱቁ ውስጥ "አጢስልኝ" በሉ፤ ነውር አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። የሚጤሰው ግን እናንተ ከመረጣችሁት ከረጢት ይሁን፤ ሻጩ ለማሳያ ካስቀመጠው አይሁን። ጥሩ ዑድ ሲሞቅ ሙጫው ላዩ ላይ አረፋ ይላል። ጭሱ ዓይን አያቃጥልም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ሽታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙ አይለወጥም። ሙሐሰን ግን መጀመሪያ ያምርና ሽቶው ሲያልቅ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ እስኪያልቅ ጠብቁ። የሚለየው መጨረሻው ነው።

ዘይት ከሆነ ጠርሙሱን አሽትታችሁ አትወስኑ። አንዲት ጠብታ የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጉ፣ ገበያውን ዞር ዞር በሉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሽትቱት። ነጭ ልብስ እንዳይነካ፣ አይለቅም።

ቤት ስታጤሱ

ከሰሉ ላዩ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ቶሎ የሚያያዘው ክብ ከሰል መድኃኒት አለበት፤ ተንጣጥቶ ሳያልቅ ዑዱን ብትጥሉበት የምትሸቱት መድኃኒቱን ነው። የጥፍር ያህል ስንጥር ይበቃል። እሳቱ ከበዛ ውድ እንጨት በአንድ ደቂቃ ከሰል ይሆናል። የኤሌክትሪክ ማጨሻ ካላችሁ ለእንጨቱም ለሳንባም እሱ ይሻላል።

አሁን ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። የሠራተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም ትንሽ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። እዚያ ውስጥ በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ፣ ፍም አስቀምጣችሁም አትተኙ። ከሰል ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አየር ያወጣል። ሀገር ቤት ክረምት ላይ ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፤ ያው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ "ደክሞኝ ነው" ብላችሁ ጋደም አትበሉ። ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። ሰው ከወደቀ ሪያድ ውስጥ 911 ደውሉ። አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል አታጢሱ። ዓባያ ስታጥኑ ጫፉን ከፍም አርቁ፤ ጨርቁ ቶሎ ነው የሚያያዘው። የቀረውን ፍም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትድፉ፤ አሸዋ ወይም ብረት ዕቃ ውስጥ ይጥፋ።

ደረሰኙን አትጣሉ

ይሄ ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ከሁሉ ይበልጣል። አሠሪዎቻችን ቤት ያለው ዑድ ዋጋው ከባድ ሊሆን ይችላል። የናንተና የነሱ ዑድ ደግሞ ሲታይ አንድ ነው። ሻንጣ ሲፈተሽ "ይሄ ከየት መጣ?" ቢባል መልሳችሁ ወረቀት ይሁን። ደረሰኙን ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ለምታምኑት ሰው ልካችሁ አስቀምጡ። ገዝታችሁ እንደገባችሁ ለማዳም አሳዩአት፤ "ለእናቴ ገዛሁላት" ማለት ምንም አይጎዳም። እሷ ከሰጠቻችሁ አመስግኑና በዋትስአፕ "ማዳም፣ ስለ ዑዱ ስጦታ እግዜር ይስጥልኝ" ብላችሁ በአረብኛ ጻፉላት። መልሷ ማስረጃ ነው። መብኸራ ውስጥ ተርፎ የቀረ ስንጥርም ቢሆን ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ለናንተ ቆሻሻ የመሰለውን እነሱ ሰብስበው መልሰው የሚያጤሱት ሊሆን ይችላል።

ሀገር ቤት ስትወስዱ

በሳይተስ ስምምነት መሠረት አንድ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ይዞት ሲጓዝ እስከ 1 ኪሎ የዑድ ስንጥርና እስከ 24 ሚሊ ሊትር ዘይት ያለ ልዩ ፈቃድ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ንግድ ይመስላል፣ ወረቀት ይጠየቃል። የሌላ ሰው ከረጢት "አድርሺልኝ" ተብሎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ቶሎ የሚያያዘውን ከሰል ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ሀገር ቤትም ከሰል ሞልቷል። እንጨቱን ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጉት። ሙቀትና ፀሐይ ካልነካው ዓመታት ይቆያል።

ለምትሰጡት ሰው አጠቃቀሙንም ንገሩ። እኛ ጋ ዕጣን ሲጤስ ቡናው ገና መጀመሩ ነው፣ እንግዳው ተቀመጥ ይባላል። እዚህ ግን "ከዑድ በኋላ መቀመጥ የለም" የሚል አባባል አላቸው፤ ዑድ ከዞረ እንግዳው ተነሥቶ ይሄዳል። እናታችሁ የትኛውን እንደምትመርጥ እሷ ታውቃለች። ብቻ እንደ ዕጣን በእፍኝ እንዳትበትነው አስጠንቅቋት። አንዲት ስንጥር ለአንድ ቡና በቂ ናት።