የሕፃናት እግር መጉበጥ፦ ጊዜ የሚያቃናውና የማያቃናው

የልጅ ልጃቸውን የመጀመሪያ እርምጃ በስልክ ቪዲዮ የሚያዩ አያት ከእልልታው ቀጥሎ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ምነው የልጁ እግር ጎበጠብኝ?» እናት በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች። ጥፋቱ አንድ ጊዜ በዳይፐሩ፣ ሌላ ጊዜ በአንቀልባው ይሳበባል። ሁለቱም የሕፃን አጥንት አያጎብጡም።

ሕፃን በማኅፀን ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ስለሚያድግ ሲወለድ ጉልበቶቹ ቢራራቁ የሚጠበቅ ነው። ጉብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይቃናል። ከዚያ ወላጅን ዳግም የሚያስደነግጥ ተቃራኒ ነገር ይመጣል፤ በሦስትና በአራት ዓመቱ ጉልበቶቹ ይነካካሉ፣ ቁርጭምጭሚቶቹ ይራራቃሉ። በሰባት ዓመት ገደማ እግሩ የአዋቂ ቅርጹን ይይዛል። ለዚህ ማሰሪያም ሆነ ልዩ ጫማ አያስፈልግም።

ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያለበት ጉብጠቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚብስበት፣ አንድ እግሩ ብቻ የጎበጠ፣ ሕመም የሚሰማው ወይም ከእኩዮቹ በቁመት ያነሰ ልጅ ነው። ከምክንያቶቹ ሁሉ ለእኛ ኅብረተሰብ የሚቀርበው ሪኬትስ ነው።

አጥንት የሚጠነክረው ካልሲየምና ፎስፈረስ ሲሰፍሩበት ነው፤ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ እንዲያልፍ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚኑ ሲጎድል በማደግ ላይ ያለው የአጥንት ጫፍ ለስላሳ ሆኖ ይቀርና ልጁ ሲቆም በክብደቱ ይጎብጣል። ቆዳችን ይህን ቫይታሚን የሚሠራው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አማካይነት ነው። ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 በርሊን ውስጥ በሪኬትስ የተያዙ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አድኗል። የመስኮት መስታወት ግን የሚፈለገውን ጨረር ስለሚያስቀር በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ከማሞቅ አታልፍም። ጠቆር ያለ ቆዳ ተመሳሳይ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በቦስተን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለችው ፀሐይ ለዚህ ሥራ አትበቃም፤ በስካንዲኔቪያ ክረምቱ ከዚህም ይረዝማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ፀሐይ ሞልቶ ሳለ ሙቀቱ እናትና ልጅን ቤት ያስውላል።

የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ልጆች ነን ብለን ግን አንዘናጋ። እ.ኤ.አ. በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ፣ የሳንባ ምች ያለባቸውን 500 ሕፃናትና ምች የሌለባቸውን 500 ሕፃናት አነጻጽሮ ነበር። ሪኬትስ ከመጀመሪያዎቹ በ210፣ ከሁለተኛዎቹ በ20 ላይ ተገኘ። የለሰለሱ የጎድን አጥንቶችና የደከሙ ጡንቻዎች ሳንባን በሚገባ አያግዙም። ፀሐይ ደጅ ላይ እያለች «ብርድ ይመታዋል»፣ «የሰው ዓይን ያየዋል» እየተባለ ተሸፋፍኖ የሚያድግ ሕፃን ብዙ ነው። እግሩ ሲጎብጥ የሚታየን ከችግሩ ጥቂቱ ብቻ ነው።

የእናት ጡት ወተት ተወዳዳሪ ባይኖረውም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ እጅግ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ከተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጀምሮ በየቀኑ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት በጠብታ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ከታዘዘው በላይ ማብዛት ግን ይጎዳል። በሪኬትስ የጎበጠ እግርም በጊዜ ከታከመ በእድገት ራሱን ሲያቃና ይታያል።

ብላውንት የሚባለው በሽታ ሌላ ነው። ከጉልበት በታች፣ በውስጠኛው በኩል ያለው የአጥንት ማደጊያ ጫና ሲበዛበት እድገቱን ያዘገያል፤ ውጭኛው ጎን ግን ያድጋል፤ እግሩም ይጎብጣል። ምሕንድስና ላጠና ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ያዘነበለ ምሰሶ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ያደላል፣ ሸክሙም ማዘንበሉን ያብሰዋል።

በአዋቂ ላይም ስሌቱ ያው ነው። ከዳሌ ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው የክብደት መስመር በጉልበት መሐል በማለፍ ፈንታ ወደ ውስጠኛው ጎን ስለሚያመዝን፣ በዚያ በኩል ያለው የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ቀድሞ ያልቃል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡት ማሰሪያዎችና «እግር ያቃናሉ» የሚባሉት ስፖርቶች እድገቱን የጨረሰ አጥንት አይቀይሩም። ጡንቻ ማጠንከርና ክብደት መቀነስ ሕመሙን ያስታግሳሉ። ቅርጹን መለወጥ ካስፈለገ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ቆርጦ አንግሉን ያስተካክላል፣ በብረትም ያስረዋል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ በአጥንት ማደጊያው አንድ ጎን የምትታሰር ትንሽ ብረት ያንን ጎን ገታ አድርጋ ሌላው እስኪደርስበት ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትወጣለች።